ክፍላችሁን ሳይለካ «ፉል ፓኬጅ ሆም ቲያትር» ለሚሸጥላችሁ ቀብድ አትስጡ

«7.1 ሆም ቲያትር፣ 3000 ዋት፣ ገጠማ በነጻ፣ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን።» በቴሌግራምም ሆነ በሱቅ መስታወት ላይ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስታዩ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት ሻጩን ስለ ሳሎናችሁ ቅርጽ ጠይቁት። «ለማንኛውም ቤት ይሆናል» ካለ አትግዙ። ለማንኛውም ቤት የሚሆን ሰራውንድ (ተቀማጩን ከየአቅጣጫው የሚከብ ድምፅ) የለም፤ በተለይ መሀል ከተማ ላይ።

የልደታ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎኑ ወደ ኮሪደር ወይም ወደ መመገቢያ ክፍል ይከፈታል። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ደግሞ አንዱ ትልቅ ቤት ለብዙ አባወራ ተከፋፍሎ ማዕዘኑ የተጣመመ፣ በአንድ በኩል ክፍት በሌላው ግድግዳ የሆነ ክፍል ሞልቷል። ሶፋው ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ነው የሚቀመጠው። ይህን ይዛችሁ 7.1፣ ማለትም ሰባት ስፒከርና አንድ ሳብ ዉፈር (የቤዝ ስፒከር)፣ ስትገዙ ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ቦታ የላቸውም። የ7.1 የኋላ ስፒከር ከተቀማጩ ኋላ፣ ከፊት ለፊቱ መስመር ሲለካ ከ135 እስከ 150 ዲግሪ ላይ መሆን አለበት። ሶፋው ግድግዳ ነክቶ ከሆነ እዚያ ያለው ብሎኬት ነው። ገጣሚው ምን ያደርጋል? ከጭንቅላታችሁ በላይ ይሰቅላቸዋል፤ ወይም ጎን ካሉት አጠገብ ይደረድራቸዋል። ለማይሠሩ ሁለት ስፒከሮች ከፈላችሁ ማለት ነው።

5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ሳብ ዉፈር) ራሱ የሚፈልገው ልክ አለው። የፊት ግራና ቀኝ ከመሀሉ 30 ዲግሪ ገደማ ይከፈታሉ፣ የጎኖቹ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፣ ማለትም ከጆሯችሁ ትንሽ ወደ ኋላ። አንዱ ጎን ክፍት በሆነ ሳሎን የግራው ግድግዳ ላይ ከሶፋው 1.2 ሜትር ርቆ ሲሰቀል፣ የቀኙ ግድግዳ ፍለጋ 2.8 ሜትር ይሄዳል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የቀኙ ወደ 5 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ በስሌትም 7 ዴሲቤል ገደማ ይደክማል። ሁሉም ነገር ከግራ የሚመጣ ይመስላችኋል። ስፒከሮቹን ሳታንቀሳቅሱ ይህ የሚስተካከለው ማሽኑ ለእያንዳንዱ ስፒከር ለየብቻ ርቀትና የድምፅ መጠን የሚሞላበት ሜኑ ካለው ብቻ ነው። በካርቶን የሚሸጡት ርካሽ ፓኬጆች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፤ «ሰራውንድ» የምትል አንዲት ቁልፍ ሁለቱን አንድ ላይ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ሱቅ ውስጥ ሪሞቱን ተቀብላችሁ የግራውን የጎን ስፒከር ብቻውን ቀንሱት። ካልቻላችሁ ላልተስተካከለ ክፍል አይሆንም፣ አለቀ።

«እንግዲያው ሳውንድ ባር ልግዛ» የሚል አለ። ለብዙ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን «ድምፁን ከግድግዳ አንጥሮ ከጎን ያሰማል» የሚባለው ዓይነት በሁለቱም ጎን ግድግዳ ይፈልጋል። አንዱ ጎን ክፍት ከሆነ የሚነጥርበት የለም። ድምፅ ከላይ የሚመጣ እንዲመስል ወደ ጣሪያ የሚረጨው የአትሞስ ስፒከርም ጠፍጣፋና ጠንካራ ጣሪያ ነው የሚፈልገው፣ ከ2.3 እስከ 3.7 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ። ጂብሰም ይሆናል። የአቡጀዲ ኮርኒስ ግን ድምፁን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም፤ የድሮ ቤት የምትኖሩ ለአትሞስ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

አሁን ወደ ዋቱ። ካርቶኑ ላይ ያለው 3000 «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ነው፤ መመዘኛ የለውም፣ አምራቹ የፈለገውን ይጽፋል። ማሽኑን አዙራችሁ ከኋላው ያለውን ታርጋ አንብቡ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 65 ዋት» ካለ ከቆጣሪው የሚወስደው 65 ዋት ነው፤ ከወሰደው በላይ ያለማቋረጥ ሊሰጥ አይችልም። የሚታመነው «አርኤምኤስ» (ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል) ተብሎ በየቻናሉ የተጻፈው ነው፣ እሱንም ከታርጋው ጋር አስተያዩት። የስፒከሩን ወንፊትም አስነሱ። ሦስት ክብ የሚታይባቸው ሆነው አንዱ ብቻ የሚሠራ፣ ሌሎቹ ለጌጥ የተለጠፉ ፕላስቲኮች የሆኑ ገበያ ላይ አሉ።

ከዋቱም የባሰው የዲኮደሩ ነገር ነው። «5.1» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ማሽን ዶልቢ ዲጂታልም ሆነ ዲቲኤስ የሚባሉትን፣ የፊልም 5.1 ድምፅ ታሽጎ የሚመጣባቸውን ዓይነቶች፣ የሚፈታ ክፍል (ዲኮደር) የለውም፤ ከኋላው ስድስት የኤቪ ቀዳዳ ብቻ አለው። ያ ከድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ጋር ይሠራ ነበር። ዛሬ ከቲቪያችሁ በቀይና ነጭ ገመድ ስታገናኙት ሁለት ቻናል ብቻ ይቀበልና ያንኑ ለጎኖቹም ይገለብጥላቸዋል። ሱቅ ውስጥ ግን አምስቱም ስለሚጮኹ «ሰራውንድ» ይመስላል። ብሉቱዝም እንደዚሁ ነው፤ ከስልክ የሚመጣው ሁለት ቻናል ነው። ስለዚህ ከቲቪ የ5.1 ድምፅ የሚቀበልበት የኦፕቲካል ወይም የኤችዲኤምአይ ኤአርሲ መግቢያ መኖሩን እዩ። ትክክለኛ 5.1 ድምፅ ያለው ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው በቲቪያቸው ላይ በኦፕቲካል አስከፍቱ። ቲቪው የድምፅ አወጣጡ «ፒሲኤም» ላይ ተቀምጦ ከሆነ በኦፕቲካል የሚወጣው ሁለት ቻናል ብቻ ስለሆነ ወደ «ቢትስትሪም» አስቀይሩት፤ አለዚያ ደህናውን ማሽን በከንቱ ትኮንናላችሁ።

«በነጻ» የሚባለው ገጠማ የሚከፈለው በገመዱ ነው። ከፓኬጁ ጋር የሚመጣው ወይም ገጣሚው ይዞት የሚመጣው ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ንጹህ መዳብ እንኳ ቢሆን 0.3 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊሜትር) የሆነ ቀጭን ገመድ 12 ሜትር ሲዘረጋ ደርሶ መልሱ 1.4 ኦም ገደማ ይሆናል። ስፒከራችሁ 4 ኦም ከሆነ የኃይሉን ሩብ ያህል መንገድ ላይ ጨረሳችሁ። በ1.5 ስኩዌር መዳብ ይኸው ርቀት 0.3 ኦም አይሞላም። ገመዱን ራሳችሁ ግዙ፤ ጂብሰም ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ለመቀየር ኮርኒስ ማፍረስ ነው። ገጣሚው ሲጨርስም ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ መግባቱን አንድ በአንድ እዩ። ከፊቶቹ አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ የሰው ድምፅም ከየት እንደሚመጣ ይጠፋባችኋል።

ለኤል ቅርጽ ሳሎን የሚያዋጣው ይህ ነው፦ ቲቪውና ሶፋው ፊት ለፊት የሚተያዩበትን አንዱን ክንድ ብቻ ምረጡ፣ ሌላውን ክንድ እንደሌለ ቁጠሩት። መጀመሪያ 3.1 ግዙ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ መሀልና ሳብ ዉፈር። የፊልም ንግግር በአብዛኛው ከመሀሉ ስለሚመጣ ብሩ እዚያ ይዋል። መሀሉን ቡፌ ውስጥ አትሸጉጡት፣ ያጉረመርማል፤ ወደ ጠርዙ አውጡና ፊቱን ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። ከማዕዘን የተጠጋውን የፊት ስፒከር ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቁት፣ አለዚያ ከክፍቱ ጎን ካለው ይልቅ ቤዙ ይወፍራል። ጎኖቹን በኋላ ስትጨምሩ ክፍት ያለውን በግድግዳ ሳይሆን በማቆሚያ ላይ፣ ከሌላው ጋር እኩል ርቀት አድርጉት።

ሳብ ዉፈሩን ሶፋው ላይ አውጡና ቤዝ ያለው ሙዚቃ ክፈቱ፤ በግድግዳው ዳር ጎንበስ ብላችሁ እየዞራችሁ ሳያጉረመርም ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዚያ እዚያ አስቀምጡት። ስፒከሮቹ ባለ 5 ኢንች ከሆኑ መቁረጫውን (ከዚያ በታች ያለው ቤዝ ወደ ሳብ ዉፈሩ የሚሄድበትን ልክ) 80 ኸርዝ፣ ጣሳ የሚያክሉ ትንንሾች ከሆኑ ከ120 እስከ 150 አድርጉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አድርጉለት፤ የታች ጎረቤት የሚያማርረው በወለሉ በሚወርደው ንዝረት ነው።

አሜሪካ ካለ ዘመድ የመጣ ማሽን ከተሸጠላችሁ ታርጋው «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። «100-240» ካለ ችግር የለም።

ስለ ደረሰኙ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። «ከሳሎኔ ጋር አልሄደም» ማለት ግን እንደ ጉድለት ለማስቆጠር ይከብዳል። ስለዚህ «አንድ ፓኬጅ ሆም ቲያትር» የሚል ደረሰኝ አትቀበሉ። ሞዴሉ፣ ዶልቢ ዲጂታል ዲኮደር እንዳለው፣ ርቀት በየስፒከሩ እንደሚሞላ፣ የገመዱ ዓይነትና ስኩዌር በዝርዝር ይጻፍ፤ ቀሪው ክፍያም ቤታችሁ ውስጥ ሁሉም ስፒከር በየተራ ከተሞከሩ በኋላ ይሁን።