ኮልድ ኤር ኢንቴክ በኮሮላ ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ዕቃው የፋብሪካውን የአየር ፊልተር ሳጥንና ቱቦ ተክቶ ባለ 1.8 ሊትር ቶዮታ ኮሮላ ላይ የተገጠመ የአሉሚኒየም ቱቦና ዘይት የሚቀባ የጥጥ ፊልተር ነው። ድምፁ ያምራል፤ ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ ያጓራል። ጉልበቱ ግን ያው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ እሱን የሚያካክሰው ተርቦ እንጂ ሰፊ ቱቦ አይደለም። ጭራሽ ፊልተሩ ኮፈን ስር ተጋልጦ ስለሚቀመጥ፣ መገናኛ ላይ መንገድ ሲዘጋ የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል።

ዋናው ጣጣ ቼክ ኢንጅን፣ ማለትም ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ነው። ከገጠማ በኋላ በብዛት የሚመጣው ኮድ ፒ0171 ነው፤ ለገባው አየር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ችግሩን በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ካላየው መብራቱን ስለማያበራ፣ ከጋራዥ ስትወጡ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ፒ0102 እና ፒ0113 ወዲያው አብረው ከመጡ ግን ብዙ አትድከሙ፦ የማፍ ሴንሰሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው) ሶኬት አልተሰካም ወይም ሽቦው ተወጥሮ ተላቋል። የአየር ሙቀት መለኪያው እዚያው ሴንሰር ውስጥ ስላለ ነው ሁለቱ ኮዶች የሚከታተሉት።

ለፒ0171፣ ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ኮድ ማንበቢያው ስካነር ላይ ፊውል ትሪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር እዩ። የአጭር ጊዜውና የረጅም ጊዜው ትሪም ድምር ከዜሮ ወዲያና ወዲህ 10 በመቶ ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ከዜሮ በላይ 20 በመቶ አካባቢ ሆኖ በ2,500 ዙር ወደ 5 ከወረደ፣ ከሴንሰሩ በኋላ ያልተለካ አየር እየገባ ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ቀዳዳ ትጎላለች። ስሮትሉ (አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ጋ ያለውን የጎማ መጋጠሚያና ማሰሪያውን በካቻቢቴ አጥብቁ፤ የሴንሰሩ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበቱ) አለመቆንጠጡን እዩ። ከቴስታታው ክዳን የሚመጣውን ቀጭን የትንፋሽ ቱቦም አትርሱ፦ አንዳንድ ገጣሚዎች ወደ ኢንቴኩ በመመለስ ፋንታ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀይ ፊልተር ይሰኩበታል። ለዓይን ያምራል፤ ሞተሩ ግን በዚያ በኩል ሴንሰሩ ያላየውን አየር ይጠጣል።

ቁጥሩ በ2,500 ዙርም ካልወረደ ወይም ከጨመረ፣ ሴንሰሩ ራሱ አሳንሶ እየለካ ነው። ፊልተሩ ታጥቦ ዘይት በዝቶበት ከሆነ ቀጭኗ ሽቦ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ይገኛል። በማፍ ክሊነር ብቻ ይነፋ፤ በጨርቅ አይነካ፣ ፍሬን ክሊነርም አይሞከር፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይሰካ። ሴንሰሩ ላይ ያለው ቀስትም ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ሴንሰሩ የተቀመጠበትን የቱቦ ውስጠኛ ስፋት በካሊፐር ለክታችሁ ከኦሪጅናሉ ጋር አስተያዩ። ከሰፋ አየሩ በሽቦዋ አጠገብ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ኮምፒውተሩ ትንሽ አየር የገባ ይመስለዋል፤ ይህን እጥበት አያድነውም፣ ቱቦው ይመለስ።

ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ኦክስጅን ሴንሰር ቀይሩ የሚል መካኒክ ቢመጣ እሺ አትበሉ፤ ሴንሰሩ የጎደለውን ቤንዚን እየተናገረ ነው እንጂ አልተበላሸም።

ዕቃውን ለድምፁ ለሚፈልገው እንጂ ለጉልበት አልመክርም፤ በአቧራማ መንገድ ለሚነዳ ደግሞ ጨርሶ። የፋብሪካውን ሳጥን አትሽጡት። መብራቱ አልጠፋ ሲል መልሳችሁ ግጠሙት፣ ኮዱን አጥፍታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ንዱ፤ ትሪሙ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥፋቱ የኢንቴኩ ነው፣ ካልተመለሰ የቤንዚን ፓምፑንና ፊልተሩን አስመርምሩ።