ጎንደር ፒያሳ ላይ «ክራፍት ጥቁር ቢራ» ልትቀምሱ ያሰባችሁ፣ ድራፍት በማልት ነው የሚያጠጧችሁ

ገና ከቤት መግባቴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። አምፖል በገመድ አንጠልጥሎ፣ ዝርዝሩን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ዓይነት ቤት ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ጎንደር ምን አዲስ ነገር አለ?» ቢለኝ ደረቴን ነፍቼ ወሰድኩት። ሰሌዳው «ቅምሻ ከምግብ ጋር» ይላል። ሦስት ዓይነት «ክራፍት» (ማለትም በትንሽ ጠመቃ ቤት በጥቂት በጥቂቱ የሚጠመቅ) ጥቁር ቢራ፦ የቡና ከጥብስ፣ የብርቱካን ከክትፎ፣ የቸኮሌት ከኬክ ጋር። ለሁለት ሰው 2,900 ብር።

አስተናጋጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የተቆላ ገብስና ምጣድ የነካው ሥጋ እንዴት እንደሚዋደዱ አነበነበልን። የሚያናድደው፣ ያለው አብዛኛው ልክ ነው። ጥቁር ቢራ የሚጠቁረው ብቅሉ እንደ ቡና ስለሚቆላ ነው፤ ምሬቱም ከጥብስ ስብ ጋር ይስማማል። (ቢራው የክትፎውን ሚጥሚጣ ያበርዳል ያለው ላይ ግን ተሳስቷል፤ ምሬት የሚጥሚጣን ማቃጠል ያባብሳል እንጂ አያበርድም።)

የቡናው መጣ። እንደ በረዶ የቀዘቀዘ፣ አረፋው ነጭ። የጥቁር ቢራ አረፋ ወደ ቡናማ እንደሚያደላ አውቃለሁ፤ አዲስ አበባ ጋርደን ብሮይ ቢራ ቤት ቁጭ ብዬ ጠጥቻለሁ። የአክስቴ ልጅ አንዴ ጎንጨት አለና «ትንሽ ለስላሳ ለስላሳ አይልም?» አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ብቅሉ ነው፤ ክራፍት እንዲህ ነው፤ ምላስህን አስለምደው።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ! በገዛ አፌ!

ጥብሱን ጨርሰን እጄን ልታጠብ ተነሳሁ። መታጠቢያው ከባንኮኒው ጀርባ ነው። አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ድራፍት ይቀዳል። ከእግሩ ሥር ካለው ሳጥን የማልት ጠርሙስ መዘዘ፤ ያው ለሕፃናት የምንገዛው፣ አልኮል የሌለው። ሞላበት። ቀጥሎ ፔርሙዙን ከፍቶ ቡና ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረገና በማንኪያ አማሰለ። ማንኪያውን ላሰ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ ሳሙናው በዚያ በኩል ነው» አለኝ።

ኃላፊው ተጠራ። ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ አዳመጠኝና፣ «ክራፍት ማለት እኮ የእጅ ሥራ ማለት ነው ጋሼ። ይኸው በእጃችን ነው የምንሠራው» አለ። አስተናጋጆቹ ሳቁ። «ካልተስማማዎት ጠላ ቤት ሞልቷል» ብሎ ጨመረልኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ማሽኑ ተበላሽቷል፤ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሰርቪስ 10 በመቶ ደምሮ ሰጠኝ። እንግዳ ፊት ላለመዋረድ ብዬ ከፈልኩ። ተዋርጄ ካበቃሁ በኋላ መሆኑ ነው።

ዳሽን በሚጠመቅበት ከተማ፣ ያውም የጠላ ጠማቂ ልጅ ሆኜ! እማዬ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እኔ ቤት አድገህ የአሻሮ ሽታ ጠፋህ?» አለችኝ። ለማኅበር ከጠመቀችው ላይ ለአክስቴ ልጅ አንድ ጣሳ ቀዳችለት። በላስቲክ ይዘነው የመጣነውን የተረፈ ጥብስ እያወራረደ እየጠጣ ነው፤ አሁን ሁለተኛውን ጠየቀ።

የምትሄዱ ካላችሁ ዓይናችሁ እያየ ይቅዱላችሁ። አረፋውንም እዩት።