ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ፍጥነቱ ሲጨመርለት 1660 ቲአይን ይደርስበታልን?

አባይ ማዶ ባለችው የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ክፍሌ ለሚገኘው ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ስፈልግ የቀረቡልኝ ሁለት ያገለገሉ ካርዶች ነበሩ፤ አንደኛው ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ያለው 1660 ቲአይ። ሁለቱም 6 ጊጋባይት ሜሞሪ ያላቸውና በአንድ ዓይነት ቺፕ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለገበያ ሲቀርቡ ቲአይ 279 ዶላር፣ ሱፐር ደግሞ 229 ዶላር ተተምኖላቸው ነበር። ርካሹን ገዝቼ ፍጥነቱን ራሴ ለመጨመር ወሰንኩ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የታዘብኩትም የሚከተለው ነው።

ሱፐር የሚጎድለው የኮር፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ ስሌቱን የሚሠሩት ጥቃቅን ክፍሎች፣ ብዛት ነው፤ ቲአይ 1,536 ሲኖሩት እርሱ ያሉት 1,408 ናቸው። በሜሞሪ ግን ብልጫው የሱፐር ነው፤ በሰከንድ 336 ጊጋባይት ሲያመላልስ ቲአይ ከ288 አያልፍም። ስለዚህ በዋናነት ማካካስ የሚያስፈልገው የኮሩን ጉድለት ነው።

የካርድን ፍጥነት በሚያስተካክለው አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም የኮሩን ፍጥነት በጥቂት በጥቂት ሜጋኸርዝ እየጨመርኩ፣ በየመሐሉም ግማሽ ሰዓት እየፈተንኩ 110 ላይ አቆምኩ፤ ከዚያ በላይ ስሄድ ድራይቨሩ (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እየወደቀ ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልም ነበር። የሜሞሪውን ፍጥነት በ900 ሜጋኸርዝ ስጨምርለት ደግሞ በሙሽራዪቱ ነጭ ቀሚስ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ አረንጓዴ ነጥቦች ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። የካሜራው ስሕተት መስሎኝ ፋይሉን ደጋግሜ ከፈትኩት፤ ወደ 600 ስመልሰው ጠፉ።

ተመሳሳይ ፕሮሰሰር ካለው የጓደኛዬ ኮምፒውተር ጋር ሄቨን በተባለው የግራፊክስ መፈተሻ ፕሮግራም ሳወዳድረው፣ ሳይነካ ከቲአዩ በአማካይ በሰከንድ አራት ፍሬም (ምስል) ያህል ዝቅ ይል የነበረው ካርድ ከተስተካከለ በኋላ እኩል ሆነ። ጓደኛዬም የራሱን ቢነካካው ጥሎኝ እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ እስካሁን ግን አልሞከረውም። በሥራዬ በኩል ትርፉ ጥቂት ነው፤ ቪዲዮውን የሚያምቀው የካርዱ ክፍል ከኮሮቹ የተለየ በመሆኑ፣ የሁለት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ አቀናብሬ ሳወጣ የቆጠብኩት ጊዜ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየኝ በጌም ላይ ነው።

እኛን በተለይ የሚፈትነን ሙቀቱ ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በግንቦት ከሰዓት በኋላ ካርዱ 83 ዲግሪ እየደረሰ ፍጥነቱን በራሱ ስለሚቀንስ፣ የጨመርኩት 110 ሜጋኸርዝ አብዛኛው ባክኖ ይቀር ነበር። ማታ መስኮት ከፍቼ የጣናን ነፋስ ላስገባ ብል የሐይቁ ትንኝ በስክሪኑ ብርሃን ላይ ይሰፍራል። መፍትሔ የሆነኝ ካርዱን ፈትቼ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን፣ እንደ ጭቃ የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየሬና ፋኖቹ ቀደም ብለው እንዲፈጥኑ ማድረጌ ነው፤ ሙቀቱ በዚህ ወደ 75 ወረደ። ካርዱን የሸጠልኝ ሱቅ «አዲስ ማለት ነው» ብሎኝ እንደነበር ሳልጠቅስ አላልፍም።

በሁለቱ ካርዶች ዋጋ መካከል በተረፈኝ ገንዘብ ስታቢላይዘር ገዛሁበት፤ መብራቱ በሚዋዥቅበት ሰፈር ፍጥነት የተጨመረለትን ካርድ ያለ እርሱ ማሠራት አልመክርም። በአፍተርበርነር ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አዲሱ ፍጥነት ወዲያውኑ ተግባራዊ እንዲሆን የሚያዝዘውን ምልክትም ቢያንስ ለሳምንት ሳይፈትኑ መምረጥ አይገባም፤ ፍጥነቱ የማይጸና ከሆነ ማሽኑ ገና ሲነሣ ሊደርቅ ይችላል።

እንደ እኔ ጌምም ሥራም የሚያፈራርቅ ሰው ሱፐርን ቢወስድ አይከፋውም፤ ካርዱን ፈትቶ ማጽዳት የሚያስፈራው ግን ቲአይን ገዝቶ ሳይነካው ቢጠቀምበት ይሻለዋል። እኔ በግንቦት ጭማሪውን ወደ 60 አውርጄው ነበር፤ አሁን ዝናቡ ገብቶ ክፍሉ ስለቀዘቀዘ ወደ 110 መልሼዋለሁ።