ሆም አሲስታንት፦ በስልክ ነው በኮምፒውተር የሚሻለው?

እዚህ አዳማ ቤቴ ራስበሪ ፓይ (ትንሽዬ ኮምፒውተር) ላይ ሆም አሲስታንት (የቤት ዕቃዎችን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር) ጭኜ የሮቶውን ፓምፕና የመኝታ ቤቱን ፋን አገናኝቼበታለሁ፣ እና ያየ ሁሉ በምን እንደምቆጣጠረው ይጠይቀኛል።

ለማዘዝ ከሆነ ስልክ ነው፣ አለቀ። ሌሊት ሙቀቱ እንቅልፍ ሲነሳህ ከአልጋህ ሳትነሳ ፋኑን ትከፍታለህ፣ አፑ ደግሞ በጂፒኤስ ከቤት መውጣትህን አይቶ መብራት እንዲያጠፋልህ ማድረግ ትችላለህ።

አውቶሜሽን (ዕቃዎቹ በራሳቸው እንዲሰሩ የሚሰጥ ትዕዛዝ) መጻፍ ላይ ግን ኮምፒውተር በጣም ይበልጣል፣ በጣም! ትዕዛዙ የሚጻፍበት ፎርማት፣ ያምል (YAML)፣ ላይ አንድ ስፔስ ከተዛነፈ አይሰራም። አንዴ "ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ይጥፋ" የሚለውን በስልክ ስጽፍ አንዷ መስመር ወደ ግራ ሸሽታ አልቀበል አለኝ፣ ግማሽ ሰዓት ስክሪኑን በጣቴ እያጎላሁ ብፈልግ አጣሁት፣ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ወዲያው ታየኝ። ብሮውዘር ላይ የፓዩን አይፒ (በቤቱ ኔትወርክ ላይ ያለውን የቁጥር አድራሻ) ጽፈህ ሁለት ነጥብና 8123 ስትጨምርበት ይከፈታል፣ ሎጉን (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግበውን) እና አውቶሜሽኑን ጎን ለጎን አድርገህ ታያለህ።

ስልኩ ከዋይፋይ ወጥቶ ዳታ ላይ ከሆነ ግን በዚህ አድራሻ አይገባም፣ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚያስገባ መስመር) ወይ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ያለ አገናኝ ሰርቨር) ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ቢጠፋም ክላውድ የማይጠይቁ ዕቃዎች በስልክም በኮምፒውተርም ይታዘዛሉ፣ ብቻ መብራት ሲሄድ እንዳይጠፉ ራውተሩንና ፓዩን ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) ላይ ሰካቸው።