የዘር መሳቢያውን ለያዘችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ እግዜር ይስጥልን

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ጓሮ ያላችሁ፣ ሁለት መደብ ጎመንም ብትሆን የምትተክሉ ሁሉ ይህን አንብቡልን። ምስጋና አለብን፤ ጥቆማም ነው። በሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ከጋዜጣ ማንበቢያው ጎን፣ ድሮ የመጻሕፍት ካርድ የሚቀመጥባት ባለ ብዙ መሳቢያ ቁም ሳጥን አለች። ዛሬ በየመሳቢያዋ ያለው ዘር ነው። ሐሳቡን ያመጣችውም፣ ቁልፉን የያዘችውም አንዲት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እህታችን ናት። ስሜን እንዳትጽፉ ብላናለች፤ እሺ ብለናል። ዝም ብሎ ማለፍ ግን ነውር ሆነብን።

ዘር ፍለጋ ስንት ደጅ እንደሚያስጠና የተከለ ያውቀዋል። የት እንደሆነ አንጽፍም። ቆርቆሮው ተከፍቶ፣ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ የቀይ ሽንኩርት ዘር በሲኒ እየተሰፈረ ይሸጣል። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ዕድሜው ከብዙዎቹ ያጠረ ነው፤ በደንብ ተይዞ እንኳ ከ1 እስከ 2 ዓመት ቢቆይ ነው። ፓኬቱ ላይ ቀን የለ፣ ስም የለ። «አልበቀለም» ብሎ የተመለሰ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «አፈራችሁ ነው!» የጎመን ዘር ተብሎ የተሸጠው ሰናፍጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለቱ በዓይን ስለሚመሳሰሉ ገዢው የሚነቃው ቅጠሉን ሲያይ ነው። ኤፍ ዋን የሚባለውን ዲቃላ ዘር «ከፍሬው ለቅማችሁ ለከርሞ ትዘሩታላችሁ» ብሎ የሚሸጥም አለ። ዲቃላ የመጀመሪያ ዓመት ያምራል፤ ከእሱ የተለቀመው ግን አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ ጥቅል ጎመን ከሆነም ግማሹ ሳይጠቀልል ይቀራል። ሞቃት ጥላ ውስጥ ተሞላቅቀው ያደጉ ችግኞችም እንዲሁ በቀጥታ ይሸጡና ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ሲመታቸው ጠዋት የተቀቀሉ መስለው ይገኛሉ። ገንዘቡስ ይሁን፤ ወቅቱ ግን አይመለስም።

አሁን ይህችን ልጅ እዩልን። ያልፈተነችውን ዘር ለማንም አታውስም። ፈተናው ቀላል ነው፣ ግን ሲሠራበት ያየነው እሷ ጋ ብቻ ነው። 10 ፍሬ ዘር ትቆጥራለች፤ እርጥብ ሶፍት ላይ ትበትናለች፤ ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከትታ ሞቅ ያለ ቦታ ታኖረዋለች። ሶፍቱ መርጠብ እንጂ ውሃ ማንጠባጠብ የለበትም፤ ውሃ የበዛበት ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ያኔ ፈተናው ዘሩን በሐሰት ይከሰዋል። ጎመንና ሰላጣን በ7ኛው ቀን ትቆጥራለች፤ ካሮትን እስከ 14 ቀን ትታገሣለች። 8 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ፓኬቱ ላይ እንደወትሮው ዝሩ ትላለች። ከ5 እስከ 7 ከሆነ ዘሩን አብዝታችሁ ዝሩ ትላለች። ከ5 በታች የሆነው ከመሳቢያው ይወጣል። ቁጥሩንና የተፈተነበትን ወር ፓኬቱ ላይ ትጽፈዋለች። ሻጭ ነን የሚሉት ያላደረጉትን በነፃ የምታውሰው አደረገችው!

ሁለተኛው ሙያዋ እንቢ ማለቷ ነው። ታኅሣሥ ላይ የቃሪያ ዘር ለጠየቀ ሰው አትሰጥም። ምክንያቷንም ትናገራለች፦ ቃሪያ አፈሩ 10 ዲግሪ ሲሆን ጨርሶ አይበቅልም፤ 15 ላይ 25 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ 25 ዲግሪ ላይ ግን 8 ቀን ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ናት፤ የታኅሣሥ አፈሯ ለቃሪያ መቃብር ነው። «ይልቅ ሰላጣ ውሰድ፣ በ10 ዲግሪም በሳምንት ይበቅላል» ብላ ትሸኛለች። ቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ ዱባ፣ በቆሎም እንደዚሁ የካቲትን ይጠብቃሉ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችላሉ። ባቄላም ይችላል፤ አበባው ላይ ውርጭ ከደረሰበት ግን ሳያፈራ ይረግፋል።

አንዲት እናት የሐበሻ ጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥረው ይዘው መጡ። ፓኬቱ ላይ ስም፣ ቦታ፣ የተለቀመበት ወር መሞላት እንዳለበት ሲያዩ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» ብለው ሊመለሱ ሆነ። ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ በሩ ላይ ደረሰችባቸው። «እማማ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አለቻቸው። ያሉትን ቃል በቃል ጻፈች፦ «ከእናቴ የመጣ፣ ውርጭ የማይደፍረው፣ ሲሸመጠጥ መልሶ የሚያቆጠቁጥ።» ከዚያ ከጎመኑ አንድ ደረቅ ቅጠል ፓኬቱ ላይ ሰፋችበት። ከዚያ ቀን ወዲህ መሳቢያው ውስጥ ያለው ፓኬት ሁሉ ወይ ቅጠሉ ወይ ፍሬው ተሰፍቶበታል፤ የደጋው በሰማያዊ ክር፣ የወይና ደጋው በአረንጓዴ፣ የቆላው በቀይ ይታሰራል። ፊደል ያልቆጠረም መርጦ ይወስዳል። ክሩ ጌጥ አይምሰላችሁ። ሸዋ ሮቢት ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር አትሞላም፤ ከፍታዋ ግን ወደ 1300 ሜትር ነው። ከዚያ የመጣ ዘር እዚህ ኅዳር ላይ ምን እንደሚገጥመው ክሩ ያስታውሳል።

በብርዱ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ግቢ የጀሪካን መደብ ታሠራለች። እንዳየነው እንጽፈው። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይወሰዳል፤ ብርሃን የሚያሳልፈው መሆን አለበት፣ ቢጫውና ሰማያዊው አይሆንም። ዘይቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለቴ ይታጠባል። ከታች በጋለ ምስማር 8 ቀዳዳ ይበሳል። ከመሠረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ዙሪያውን ይቆረጣል፤ በእጀታው በኩል ሦስት ጣት ያህል ሳይቆረጥ ይቀራል፣ እንደ ማጠፊያ ያገለግላል። አፈሩ ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ዋልካ አፈር ብቻውን ከተሞላ ውሃ ይዞ ሥሩን ያፍናል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰንጥቆ ይበጥሰዋል። ትኩስ ፍግ ያቃጥላል። 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሞላና ሳይዘራ በፊት ይርሳል፤ ዘርቶ ከላይ ማፍሰስ ዘሩን ወደ ጥግ ይሰበስበዋል። የጎመን ዘር 12 ፍሬ ለአንድ ጀሪካን ይበቃል፣ ጥልቀቱ የዘሩን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። ሰላጣ ብርሃን ስለሚወድ ላዩ ላይ ተበትኖ በእጅ ጫን ይደረጋል እንጂ አይቀበርም። ከዚያ ተከድኖ በፕላስተር ይታሸጋል፤ የጀሪካኑ አፍ ክዳን ግን ተነቅሎ ይጣላል፣ አየር መውጫው እሱ ነው። ካሮትን እዚህ አትዝሩ፤ ተነቅሎ ሲተከል ሥሩ መንታ ይሆናል፣ ቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራ።

ጀሪካኑ የት ይቀመጥ? ከድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ በደቡብ በኩል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳል። እዚህ አገር ድንጋይ የማይገኝበት ጓሮ መቼም የለም። ውስጡ ላብ ሲይዝ ጥሩ ነው፤ ላቡ ከጠፋ ውሃ ጠምቶታል፣ ሳፋ ላይ አስቀምጣችሁ ከታች አጠጡት። ችግኙ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ከወደቀ ደግሞ ውሃው በዝቷል፣ ዘሩ ተጨናንቋል፣ አየሩ ታፍኗል። ያን ጊዜ ቀን ቀን ክፈቱት፤ የወደቀውን ንቀሉ፣ አይድንም። አራት ቅጠል ሲያወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ ለብርዱ ታጋልጡታላችሁ፤ የመጀመሪያ ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል፣ በኋላ ቀኑን ሙሉ፣ መጨረሻ ላይ ሌሊቱንም። ሱቅ የሚዘለው ደረጃ ይኼ ነው።

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ነው፤ ጎመን አጥንት አይበላም፣ የሚፈልገው ጆንያ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ቆሞ ያመሸ ዕለት ሌሊቱን አመዳይ ይወርዳል፤ ደመና ካለ ግን እንደ ብርድ ልብስ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በ9 ሰዓት ገደማ አፈሩን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ቅጠሉን አታርጥቡ። ሲመሽ በጆንያ ወይም በላስቲክ ሸፍኑ፤ ሽፋኑ ግን በእንጨት ተደግፎ ከቅጠሉ ይራቅ። ላስቲክ የነካው ቅጠል በነካበት ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ግለጡት፣ ካልሆነ ፀሐይዋ ትቀቅለዋለች። ውርጭ የመታውን ቅጠል ደግሞ ወዲያው አትቁረጡ፤ የሞተው የቱ እንደሆነ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ነው የሚለየው።

የተበደረ ይመልሳል፣ ደንቡ እሱ ነው፦ 20 ፍሬ የወሰደ ወቅቱ ሲደርስ 40 ይመልሳል። ገጠር የዘር ብድር ለምዶብናልና አልከበደንም። የሚመለሰው ዘር ግን የጠራ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ እህታችን ጥብቅ ናት፣ ደግ አደረገች። ቆስጣና ቀይ ስር አንድ ዘመድ ናቸው፣ በነፋስ ይዳቀላሉ፤ በአንድ ወቅት ለዘር የሚተወው አንዱ ብቻ ነው። ጎመን ከአንድ ግንድ ብቻ አይለቀምም፣ ቢያንስ ከ10 ይሁን። ሰላጣና አተር ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ ሁለት ግንድ ይበቃል፤ ግን ቀድሞ ያበበውን ሰላጣ ለዘር አታስቀሩ፣ ልጆቹም ቅጠል ሳይሰጡ ለማበብ ይቸኩላሉ። ካሮት ለማበብ የብርድ ወራትን ማለፍ አለበት፤ ቆላ የሚቸገሩበትን እኛ ውርጩ በነፃ ይሠራልናል። የቲማቲም ዘር ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጥና ላዩ ነጭ ሻጋታ ሲይዝ ይታጠባል፤ ሞቃት አገር 2 ወይም 3 ቀን ነው፣ እዚህ 4 ወይም 5 ይፈጃል፤ ከዚያ ካለፈ እዚያው ይበቅላል። ማድረቂያው ጥላ ነው። ባቄላ በጥርስ ሲነከስ ምልክት ከያዘ ገና አልደረቀም። የዘር እርጥበት በ1 ከመቶ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ ዘሩ የሚቀመጥበት ጠርሙስ ግርጌ በደንብ ተቆልቶ የቀዘቀዘ ሩዝ ታደርጋለች። ነቀዝ ለሚፈራው ለባቄላና ለአተር ወንፊት ያለፈ አመድ ትጨምራለች፤ እናቶቻችን ያደርጉት የነበረ ነው።

«ቤተ መጻሕፍትና ዘር ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው አልጠፋም። አገራችን ብሔራዊ የዘር ባንክ ያቋቋመችው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅም እየተዘራ ይጠበቅ ብለው የሠሩ ሰው ነበሩ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸውም ለዚህ ሥራ ነው። ማዋስና ማስመለስ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት በላይ ማን ያውቅበታል? ፓኬቶቹን በምን ዓይነት ቁጥር እንደምትደረድር አስረድታን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልገባንም። «የአንኮበር ባቄላ» ስትሏት ግን ሳታይ እጇን ትሰድዳለች።

እናመሰግናለን፣ ደግመን እናመሰግናለን። ሂዱ፣ ጎረቤትም ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩት። ስትሄዱ ዘራችሁ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተለቀመ አስታውሳችሁ ሂዱ፤ የማታውቁትን «አላውቅም» በሏት፣ ግምት አትጽፍም። ብርሃን የሚያሳልፍ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ቤታችሁ ካለ ከነዘይቱም ቢሆን ይዛችሁላት ሂዱ፤ አልቆባታል፣ ማጠቡን እዚያው ተረዳድተን እናጥባለን።