ሁለት ጠጠር፣ ሁለት ሆስፒታል፦ የግልና የመንግሥት ሕክምናን እንዴት አገኘኋቸው

የኩላሊት ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወገቤን ይዤ፣ እጥፍጥፍ ብዬ፣ አንድ የግል ሆስፒታል ደረስኩ። ስሙን ልተወው። እንግዳ መቀበያ ላይ የነበረችው ልጅ ትሑት ናት፣ አይካድም። ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ የት እንደሚያመኝ አይደለም። «ኢንሹራንስ አለዎት ወይስ በካሽ ነው?» አለችኝ።

በካሽ አልኩ። መያዣ ክፈል ተባልኩ፣ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ አገልግሎታቸው አንደኛ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሕመም ማስታገሻ ተወጋሁ። ሰዓት ሳይሞላ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ሐኪሙ ራሱ አልጋዬ ድረስ መጥቶ ምስሉ ላይ ጠጠሯን በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ አሳየኝ። ለፍጥነትና ለአቀባበል ከአምስት አምስት እሰጣለሁ።

የተበላሸው ሒሳቡ ላይ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ሆኖ መጣ። ጓንት፣ አራት ጥንድ። «የክፍል አገልግሎት» የሚል አለ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «የአልጋ» የሚል ሌላ። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ካሸሯ ራሷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችው። ስትገባ ለምን ዋጋ አልጠየቅክም ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ጠይቄ ውድ ነው ቢሉኝስ? ወገቤን ይዤ በሌሊት ሌላ ሆስፒታል ላማርጥ?

«መንግሥት እጁን ያንሣ፣ ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉ ሰዎች ያቺን ሌሊት ይረሷታል። ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው በ1963 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ይህንኑ አስረድቶታል። በሽታ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ገዢው የሚገዛውን አያውቅም፣ የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ ዕቃውንም ሞክሮ መመለስ የለም። ስለዚህ ሕክምና እንደ ሌላው ሸቀጥ አይሆንም ነው ነገሩ።

ግን ለገበያውም ልፍረድለት። የኩላሊት ጠጠሩ በያዘኝ ዓመት መነጽር ገዛሁ። በአንድ ከሰዓት ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዋጋ ሲሰማ ወዲያው ቀነሰልኝ። በእግሬ ገባሁ፣ በእግሬ ወጣሁ፣ ባልፈልግ ጥዬ እሄዳለሁ። አሜሪካም ውስጥ የዓይን ሌዘር እንዲሁ ነው። ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሸፍነው ክሊኒኮቹ ዋጋቸውን አስቀድመው ያስተዋውቃሉ። ነፃ ገበያ የሚሠራው እንዲህ ጥለህ መሄድ ስትችል ነው። ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ወዴት ይሄዳል?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እኔና ጠጠር ክፍላችን አንድ ነው መሰለኝ፣ ቀጥሎ የሐሞት ጠጠር መጣብኝ። ከመጀመሪያው ሒሳብ ገና አላገገምኩምና ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል ተባልኩ፣ ቀጠሮ ተሰጠኝ፣ ከስምንት ወር በኋላ። የቀጠሮ ወረቀቷን ኪሴ ውስጥ አጥፌ ስይዛት፣ ዘርግቼ ሳያት፣ እንደገና ሳጥፋት በመጨረሻ እጥፋቷ ላይ ተቀድዳ በፕላስተር ለጠፍኳት። በመሀል ሁለት ጊዜ ሕመሙ ተነሥቶብኝ ድንገተኛ ክፍል አድሬያለሁ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ።

ቀኑ ደርሶ ስገባ ግን ቀዶ ሐኪሙ ምን ዓይነት ሰው መሰላችሁ! እጁ ይባረክ። ስወጣ ከልማድ የተነሣ ኪሴን ዳበስኩ፤ ነርሷ ሣቀችና «ፈርመው ይሂዱ» አለችኝ። ለሐኪሙ አምስት፣ ለክፍያው አምስት፣ ለወረፋው አንድ። እዚህ ቤት ዋጋው በወር ነው የሚከፈለው።

ይህ ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም። የብሪታንያው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጁላይ 5 ቀን 1948 በጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ዘመን ሲጀመር ቃሉ ትልቅ ነበር፤ ሕመምተኛ ሲታከም አይከፍልም፣ ወጪው ከግብር ይሸፈናል። እስካሁንም በአብዛኛው እንዲሁ ነው፣ ለዚህም ክብር ይገባዋል። ግን በእንግሊዝ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና ይጀመራል የተባለው ግብ ለመጨረሻ ጊዜ ከተሳካ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2023 ወረፋ የሚጠብቀው ሕክምና ብዛት ከ7 ሚሊዮን በላይ ነበር።

«እንግዲያው ሕመምተኛው ራሱ ይክፈል፣ ሲከፍል ይቆጥባል፣ ወረፋውም ይቀንሳል» ይባላል። መቆጠቡ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1974 እስከ 1982 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በተለያየ የክፍያ ድርሻ መድቦ የፈተሸ ጥናት ነበር፣ የራንድ ጥናት ይባላል። ከኪሳቸው የከፈሉት ሰዎች ሕክምና ቀነሱ። ችግሩ የሚያስፈልገውንም የማያስፈልገውንም እኩል ነው የቀነሱት። አብዛኛው ሰው ብዙም አልተጎዳም፤ የደም ግፊት የነበረባቸው ድሆች ግን ተጎዱ። ይህን ሳነብ ራሴን አየሁት። ያ የሁለት ገጽ ሒሳብ ካስደነገጠኝ በኋላ ሐኪሙ ያዘዘልኝን የኩላሊት ክትትል ምርመራ ዘለልኩት። ቆጣቢ ሆኜ ነው እንግዲህ!

ክርክር ሲነሣ ደግሞ ሁልጊዜ «ሲንጋፖርን እዩ» የሚል አይጠፋም። እንይ። ከ1984 ጀምሮ ሠራተኛው ከደሞዙ ለሕክምና እንዲቆጥብ የሚያስገድደው መንግሥት ነው። አብዛኛው የሆስፒታል አልጋ የመንግሥት ነው። የብቻህን ክፍል ከፈለግህ ሙሉውን ትከፍላለህ፤ ብዙ ሰው ባለበት ክፍል ከተኛህ ድጎማው ከፍ ይላል። ይህ ነፃ ገበያ ከተባለ እንግዲህ ስሙ ብቻ ነው። ስዊዘርላንድም ኢንሹራንሶቹ የግል ናቸው፤ ግን ከ1996 ወዲህ እያንዳንዱ ነዋሪ የመግዛት ግዴታ አለበት፣ ድርጅቶቹም ሕመምተኛ ነህ ብለው መመለስ አይችሉም፣ ከመሠረታዊው ሽፋን ላይም ማትረፍ ክልክል ነው። በሌላ በኩል ያ የመንግሥት የሚባለው የብሪታንያ ሥርዓት ውስጥ አብዛኞቹ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች የሐኪሞቹ የራሳቸው ናቸው፣ ከመንግሥት ጋር በውል የሚሠሩ። ንጹሑን ዓይነት ፈልጌ አጣሁ።

እኔ ብጠየቅ፣ ድንገተኛ ሕመም፣ ወሊድ፣ ካንሰር፣ ኩላሊት፣ እነዚህን የጋራ ኪስ ይክፈላቸው፤ ግብር በሉት የግዴታ መድን፣ ለእኔ ያው ነው። ለመነጽሩ፣ ለጥርስ ማስነጣቱ፣ ለላቦራቶሪው ገበያው ይራኮት፣ ዋጋው ግን በር ላይ ይለጠፍ። አሜሪካ ከ2021 ጀምሮ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን ይፋ እንዲያደርጉ አስገድዳለች። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ለድንገተኛ ሕክምና ገብቶ ከኢንሹራንሱ ጋር ካልተዋዋለ ሐኪም ያልጠበቀው ሒሳብ እንዳይመጣበት በሕግ ከልክላለች። በገበያ አገር፣ በሕግ። ያቺን ሌሊት እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖርልኝ ስንቱን በቆጠብኩ... ኢንሹራንስ ቢኖረኝ ነው እሱም።

የዘለልኩትን የኩላሊት ምርመራ አሁን መንግሥት ሆስፒታል ቀጠሮ ይዤለታለሁ፤ አምስት ወር ይቀረዋል። የግሉ ሆስፒታል ደግሞ ትናንት ቴክስት ልኮልኛል። «አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት? ከ1 እስከ 5 ይምረጡ» ይላል። ሁለት ጊዜ 5 ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።