«በሌዘር እንቆጥራለን» ባዮችን ተጠንቀቁ

ዓለም ገና፣ ሰበታና ፉሪ አካባቢ የግል ወይም የጋራ የውሃ ጉድጓድ ያላችሁ ሁሉ፣ «የውሃችሁን ባክቴሪያ በሌዘር እንቆጥራለን» የሚል ሰው በራችሁን ቢያንኳኳ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኛ አምስት ጎረቤታሞች ለምርመራው 14,000 ብር ከፍለናል። ለማጣሪያው 120,000 ልንጨምር የቀረን አንድ ሳምንት ነበር።

የሚያንገበግበኝ የተታለልኩት ባለማወቅ ሳይሆን በማወቄ መሆኑ ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሲዲ ፎር (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸውን የደም ነጭ ሴሎች) ስቆጥር ነበር። ሰውየው «ፍሎው ሳይቶሜትር» ሲል ጆሮዬ ቆመ፤ የማውቀው መሣሪያ ነዋ! ሴሎች በቀጭን የፈሳሽ ጅረት ተሰልፈው አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ መሣሪያው የሚበትኑትን ብርሃንና የተቀቡትን ቀለም ፍካት እየለካ ይቆጥራቸዋል። ጎረቤቶቼ «እርስዎ ካሉ» ብለው ገንዘባቸውን ያወጡት በእኔ ቃል ነው።

ውጤቱ ባለ ብዙ ቀለም ነጠብጣብ ሥዕል ያለበት አንድ ወረቀት ነበር። በቀይ «በ1 ሚሊ ሊትር 212,000 ባክቴሪያ፣ እጅግ አደገኛ» ይላል። አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን የዚያኑ ዕለት ሙሉ ሮቶ ውሃ ደፍተው ሽሮውን እንኳ በታሸገ ውሃ መሥራት ጀመሩ።

እንቅልፍ ሲያጣኝ ተነሥቼ አነበብኩ። ክሎሪን ያልገባበት ጥሩ የመጠጥ ውሃም በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች አሉት። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ቢዘሩ የሚበቅሉት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ አይሞሉም። ስዊዘርላንድ ይህን ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2012 ለመጠጥ ውሃ ምርመራ ተቀብላዋለች፤ ጥቅሙ ግን ውሃው ከቀድሞው መለወጡን ማሳየቱ ነው። ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አለ ወይም የለም አይልም።

መሣሪያውን አልወቅስም። በውቅያኖስ ውስጥ በብዛት የሚኖረው ፕሮክሎሮኮከስ የተባለው ደቂቅ ባክቴሪያ የተገኘው በእሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ እስኪሆን ድረስ ከትንሽነቱ የተነሣ ተሰውሮ ኖሯል። ነገር ግን የደም ነጭ ሴል ወደ 7 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) እና ከዚያ በላይ ሲሆን የውሃ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ 1 እንኳ አይሞላም። ለደም የተስተካከለ መሣሪያ ትንንሾቹን ይዘላቸዋል፤ አለዚያም አቧራውንና የራሱን የኤሌክትሪክ ጫጫታ (የሐሰት ምልክት) ሴል ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ዲኤንኤን በአረንጓዴ የሚያፈካ ቀለም ይጨመራል፤ ሽፋናቸው የተቀደደውን ለመለየት ደግሞ ሌላ ቀይ ቀለም አለ። ደውዬ የትኛውን ቀለም እንደተጠቀሙ ጠየቅሁ። «አባባ፣ መሣሪያው ራሱ ያውቃል» አለኝ።

ናሙናውን የወሰደውም በአሮጌ ሃይላንድ ነው፤ ሁለት ቀን በመኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ ውሏል። በሞቀ ጠርሙስ ውስጥ ባክቴሪያ እንደሚራባ ለማወቅ ላቦራቶሪ መሥራት አያስፈልግም። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ተንኮል አሰብኩ። እህቴ በራሷ ስም፣ ከፉሪ፣ አዲስ የታሸገ ውሃ በሌላ ጠርሙስ ገልብጣ ሰጠቻቸው። ሌላ ገንዘብ ወጣ፤ ይሁን። ውጤቱ 212,000። ሁለቱን ወረቀቶች ደራርቤ በመስኮት ብርሃን ሳያቸው ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ ገጠሙ።

የሚያስቀው ደግሞ ጉድጓዳችን በእርግጥም ንጹሕ አልነበረም። በሌላ ላቦራቶሪ በተለመደው የማሳደግ ዘዴ ስናስመረምር ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ፣ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ነው የሚለው፤ ይህን ደግሞ ያ ባለቀለም ወረቀት ከነጭራሹ አላነሣም። ምክንያቱ ከላይ በኩል ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ሳይሆን አይቀርም ብለን እሱን ልናነሣ ነው፤ እስከዚያ የምንጠጣውን እናፈላለን። በ120,000 ሊሸጡልን የነበረው ማጣሪያ ቀዳዳው 5 ማይክሮ ሜትር ነው። ኢ. ኮላይ በእሱ ሾልኮ ያልፋል።

ገንዘባችንን አልመለሱም። ደረሰኙ ላይ የግብር ከፋይ ቁጥር የለም። ሰውየው ዛሬ ጠዋት ደውሎ ማጣሪያውን በ85,000 ሊሰጠን ፈቃደኛ መሆኑን ነገረኝ፤ «ነገ ወደ ሰበታ እወጣለሁ፣ ቶሎ ወስኑ» አለ።